በአርባ ዓመቷ ቋንቋ የተማረች መምህርት

የታወቁ የትምህርት ሰዎችን ሕይወት በምናቀርብበት በዚህ አምድ ዛሬ የምናነሳት ሴት ማሪ ጊያር ትባላለች። ስትመነኩስ የያዘችው ስም ማሪ ደ ላንካርናሲዮን ነው፤ ወደ እኛ ሲመለስ ማርያም ዘሥጋዌ እንደ ማለት ነው። ከሞተች ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። በካናዳ አገር፣ በኬቤክ ከተማ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍታ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል ሠርታለች። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። መጀመሪያ የተቀበለቻቸው ተማሪዎች ግን በቤታቸው ፈረንሳይኛ ሲነገር ሰምተው የማያውቁ የአገሬው ተወላጆች ልጆች ናቸው።

ልጅን በማያውቀው ቋንቋ ውስጥ ዘፍቆ፣ ሲማርም ሲበላም ሲጫወትም በዚያው እያናገሩ ማስተማር ዛሬ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ስሟ ተደጋግሞ የሚነሳውም አገር ይህችው ካናዳ ናት። በ1965 በሞንትሪያል አጠገብ በምትገኘው በሴንት ላምበርት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች የትምህርት ቤት ኃላፊዎችን ጎትጉተው ሃያ ስድስት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በፈረንሳይኛ እንዲማሩ አደረጉ። ልጆቹ ፈረንሳይኛውን ያዙ፤ እንግሊዝኛቸውም አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ዘዴው በአገሪቱ ሁሉ ተሠራጨ። ያ ሲሆን ማሪ ጊያር በዚያው ምድር ተመሳሳይ ነገር ከሞከረች ሦስት መቶ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። የእሷ ውጤት ግን ሌላ ነው የሆነው። ለምን ሌላ ሆነ የሚለውን እጩ መምህራን ልብ ብላችሁ ብታዩት ብለን ነው ታሪኳን የመረጥነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ያዙልን።

ማሪ ኦክቶበር 28 ቀን 1599 በፈረንሳይ አገር በቱር ከተማ ተወለደች። አባቷ ፍሎራን ጊያር ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ገዳም መግባት ትመኝ ነበር፤ ቤተሰቦቿ ግን በ1617 ክሎድ ማርታን ለሚባል ሐር ሠሪ ዳሯት። በኤፕሪል 1619 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙም እንደ አባቱ ክሎድ ተባለ። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ባልየው ሞተ። እንግዲህ በሃያ ዓመቷ ጡት የሚጠባ ልጅ የታቀፈች፣ የከሰረ ሥራና የፍርድ ቤት ክርክር የወረሰች መበለት ሆነች ማለት ነው። የባሏን ጉዳይ እንደምንም ቋጨች፤ ዳግመኛ እንድታገባ ቢወተውቷት እምቢ አለች።

ከዚያ እህቷ ቤት ገባች። የእህቷ ባል በሎዋር ወንዝ ዳር የጭነት ማመላለሻ ሥራ የነበረው ሰው ነው። ማሪ መጀመሪያ ወጥ ቤት ገብታ እንደ አገልጋይ ነበር የምትሠራው፤ ቆይቶ ግን ሰውየው ሥራውን በሙሉ እሷ ላይ ጣለው። ጭነት መቁጠር፣ ሒሳብ መያዝ፣ ከጋሪ ነጂና ከወዛደር ጋር መከራከር፣ ፈረሶቹ መብላታቸውን ማየት፣ አንዳንዴም እስከ እኩለ ሌሊት በጭነት ማራገፊያው ላይ መቆም የእሷ ፈንታ ሆነ። ስለ እሷ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን የሕይወቷን ክፍል ቶሎ ያልፉታል። እኛ ግን ትምህርት ቤት መምራት ምን እንደሚጠይቅ የምናውቅ ሰዎች ነን። ጠመኔ ሲያልቅ፣ ጣራ ሲያፈስ፣ ወላጅ ሲቆጣ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ማሪ ኋላ ኬቤክ ላይ አናጢና ግንበኛ ስታሠራ፣ ከፈረንሳይ በመርከብ የሚመጣውን ስንቅ ለዓመት እያብቃቃች ስታካፍል የተጠቀመችበት ይህንኑ የጭነት ቤት ትምህርት ነው።

ጃንዋሪ 25 ቀን 1631 በቱር ወደሚገኘው የኡርሱሊን ገዳም ገባች። ኡርሱሊኖች ሴት ልጆችን ማስተማር ሥራቸው ያደረጉ መነኮሳት ናቸው። ልጇ ክሎድ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርቶት ነበር። ነገሩ ቀድሞ ስለገባው ከቤት ጠፍቶ ሦስት ቀን ተፈልጎ ነው የተገኘው። እሷ ከገባች በኋላም የትምህርት ቤት ጓደኞቹን አስከትሎ ገዳሙ በር ላይ ቆሞ እናቱን እንዲመልሱለት ይጮህ ነበር። እሷም ውስጥ ሆና ትሰማዋለች። አልወጣችም። እኛ እዚህ ላይ ፈራጅ ሆነን አንቀመጥም፤ እንዳላየን ሆነን ማለፍም አልሆነልንም፤ ምክንያቱም ይህች ሴት ኋላ የሰው ልጆችን ከእናቶቻቸው እየተቀበለች የምታሳድግ ሴት ናት። ክሎድ አድጎ በ1641 እሱም መነኮሰ። እናትና ልጅ ከ1639 ወዲህ በዓይን አልተያዩም። የቀራቸው ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እሱ በወቀሳም በናፍቆትም ይጽፍላታል፣ እሷም በዓመት አንዴ በሚመለሱት መርከቦች መልሱን ትሰድለታለች። ስለ ትምህርት ቤቷ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከእነዚህና ለሌሎች ሰዎች ከጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ነው።

ስለ ካናዳ ያነበበችው ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በየዓመቱ ወደ ፈረንሳይ ከሚልኩት ሪፖርት ላይ ነው። እነዚህ ኢየሱሳውያን ማለት አፄ ፋሲል በ1632 ነግሠው ብዙ ሳይቆዩ ከአገራችን ያባረሩት ማኅበር ነው። እኛ ዘንድ በሩ በተዘጋባቸው ዘመን በሰሜን አሜሪካ ሥራቸውን እያሰፉ ነበር፤ ሪፖርታቸውም ለተወላጆቹ ሴት ልጆች መምህራን ይምጡልን የሚል ጥሪ ነበረበት። ማሪ ልቧ ተነሣ። ገንዘቡን ያመጣችው ማዳም ደ ላ ፔልትሪ የምትባል ሀብታም መበለት ናት። የዚህችኛዋ ደግሞ ጉድ ነው! አባቷ ካላገባሽ ብሎ አላስወጣ አላስገባ ቢላት ከአንድ መንፈሳዊ ሰው ጋር ተማክራ የሚጋቡ መስለው አባቷን አረጋጉት። ሀብቷን በእጇ ስታደርግ ጉዞዋ ወደ መርከቡ ሆነ።

ሜይ 4 ቀን 1639 ከዲየፕ ወደብ ተነሡ። ሦስት ኡርሱሊኖች፣ ሆስፒታል የሚያቋቁሙ ሦስት ሌሎች መነኮሳት፣ ማዳም ደ ላ ፔልትሪና ጥቂት ቀሳውስት አንድ ላይ ነበሩ። መንገድ ላይ የተንሳፈፈ የበረዶ ተራራ መርከባቸውን ሊመታው ትንሽ ነበር የቀረው። ሦስት ወር ያህል ተጉዘው ኦገስት 1 ቀን ኬቤክ ደረሱ። ያን ጊዜ ጎንደር ከተቆረቆረች ሦስት ዓመቷ ገደማ ነው። ኬቤክ ግን በስሟ እንጂ ከተማ የምትባል አልነበረችም፤ በጠቅላላው አገር የነበሩት ፈረንሳውያን ጥቂት መቶዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በወንዙ ዳር ያለች ሁለት ክፍል ያላት ቤት ነበረች። መማሪያ ክፍሉ፣ መኝታው፣ ጸሎት ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉም እዚያው ነው። ብዙ ሳይቆይ ፈንጣጣ ገባ። ቤቲቱ ሆስፒታል ሆነች፤ ልጆቹ ወለል ላይ ተደርድረው ተኙ፣ ከመካከላቸውም የሞቱ አሉ። ይዘው የመጡት አንሶላና ጨርቅ ሁሉ ለበሽተኞቹ አለቀ። ፈንጣጣው የአውሮፓ በሽታ ስለሆነ ተወላጆቹ አቅም አልነበራቸውም። ከመካከላቸው በሽታውን ያመጡብን እነዚህ ጥቁር ለባሾች ናቸው ያሉ ነበሩ፤ ከፈረንጆቹ ጋር መምጣቱ መቼም እውነት ነው። ትምህርት ቤት በእንዲህ ያለ ዓመት መክፈት ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዱ ያስበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ማሪ የመጣችው ልጆቹን ፈረንሳይኛ ልታስተምር፣ በአለባበስ በአበላልም ፈረንሳውያን ልታደርጋቸው ነው። ነገር ግን ልጅቷ የምትለውን መምህርቷ ካልሰማች፣ መምህርቷም የምትለውን ልጅቷ ካልሰማች፣ በመካከላቸው ያለው እጅ መጠቋቆም ብቻ ነው። ስለዚህ እሷና ጓደኞቿ ተማሪ ሆኑ። ፖል ለ ዠን የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ አልጎንኪንኛና ሞንታኜኛ ያስተምራቸው ጀመር። ማሪ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። ሌላ ቋንቋ ካጠናች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ቃላት በቃል መያዙ ራሷን እስኪያማት ድረስ ከብዷት እንደነበር ለሚያውቋት ሰዎች ጽፋለች።

ቋንቋዎቹ የሚያስቸግሩበት ምክንያት አለ። በአልጎንኪን ቋንቋዎች ግሱ ሕይወት ስላለው ነገር ሲነገርና ሕይወት ስለሌለው ነገር ሲነገር ይለያያል። ባለቤቱም ተሳቢውም ግሱ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ቃል ዐረፍተ ነገር ይሆናል። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አልነገርኳትም ስንል በአንድ ቃል ስንት ነገር እናጭቃለን! ለፈረንሳዊ ግን ጭንቅ ነው። ሁሮን የሚባሉት ሕዝቦች (ራሳቸውን ዌንዳት ይላሉ) ቋንቋ ደግሞ ከንፈር የሚገጥምባቸው ድምፆች የሉትም፤ በ፣ ፐ፣ መ የለም። ስለዚህ ማሪ የሚለው ስም በሁሮኖች አፍ ዋሪ ይሆናል። አንዲት ትንሽ ልጅ የመምህሯን ስም በትክክል ካልጠራች ሰነፍ ናት ማለት ነው? አይደለም፤ ቋንቋዋ ያንን ድምፅ አልሰጣትም። ይህን ለማወቅ ግን የልጅቷን ቋንቋ መቁጠር ያስፈልጋል። ከዚህ ተቋም ወጥታችሁ የልጆቹን ቋንቋ ወደማትሰሙበት ወረዳ የምትመደቡ እጩ መምህራን ይህቺን ነጥብ ምልክት አድርጉባት።

በትምህርት ቤቱ የነበረው ሥርዓት እንዲህ ነበር። አዲስ ልጅ ስትመጣ ገላዋ ታጥቦ የተቀባችው ስብ ይወርድና የፈረንሳይ ቀሚስ ይሰጣታል። ጸሎትና የሃይማኖት ትምህርት በራሷ ቋንቋ ትጀምራለች፤ ከዚያ ፈረንሳይኛ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መስፋት ይከተላል። አዳሪ ናት፤ የተወላጆቹ ልጆች አይከፍሉም። የፈረንሳውያኑ ልጆች ግን በዓመት 120 ሊቭር ይከፍሉ ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ በአገሩ ስለሌለ ብዙው ክፍያ በማገዶ፣ በቅቤ፣ በአተር ነበር የሚመጣው። ወላጆችና ዘመዶችም እየመጡ ይጠይቃሉ፤ እንግዳ ደግሞ ሳይበላ አይሄድም። ስለዚህ ምድጃው ላይ ሁልጊዜ ድስት ተጥዶ ይውላል። የበቆሎ ወይም የአተር ዱቄት፣ ዳቦ፣ የደረቀ ፕለም፣ የአሳማ ስብ፣ እንዲሁም የሞራ ሻማ ቀልጦ ይጨመርበታል። ሻማ ይበላል ወይ ብላችሁ አትሳቁ፤ በዚያ ብርድ ስብ የከበደበት ምግብ ክብር ነው። የአገሬውን ሰው ያለ ምግብ መሸኘት ነውር መሆኑን ማሪ ቶሎ ነው ያወቀችው።

ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ቴሬዝ ትባላለች። የሁሮን ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱ የተመካባት ተማሪ ይህች ነበረች፤ ሁሮንኛዋ እንዳለ ሆኖ ፈረንሳይኛ ትናገራለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። በ1642 ዘመዶቿ ወደ አገሯ ሊመልሷት ጉዞ ጀመሩ፤ ዓላማውም የተማረችውን ለወገኖቿ እንድታስተምር ነው። የዚያኑ ዓመት ኦገስት የኢሮኳ ተዋጊዎች መንገድ ላይ አድፍጠው ያዟቸው። ቴሬዝ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመቷ ገደማ ነበር። በ1645 ለእርቅ ሲቀመጡ ፈረንሳውያኑ እንድትመለስ ጠየቁ፤ ግን እዚያው ተድራ ነበርና አልመጣችም። በጣቶቿ እየቆጠረች ጸሎቷን እንደምታደርስ ተሰማ፤ መቁጠሪያዋ ጠፍቶባት ነበር። በ1654 አንድ ቄስ ለመልእክት ወደ ኢሮኳ አገር ሄዶ አገኛት። ቤት ይዛለች፤ አብራት የምትኖር ሌላ ምርኮኛ ልጅም አለች፣ የተማረችውንም ለእሷ አስተምራታለች። ኬቤክ ላይ ማሪ ይህንን ስትሰማ የተሰማትን መገመት ነው። ከተማሪዎቿ ሁሉ እንደ መምህርት የሠራች የምትባለው ይህች በምርኮ የቀረችው ናት፤ ትምህርት ቤት የላት፣ ሰሌዳ የላት፣ ያስተማረችውም በፈረንሳይኛ ነው ብለን አናስብም።

በ1642 መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ በላይኛው ከተማ ወደ ተሠራው የድንጋይ ሕንፃ ገባ። ስምንት ዓመት ቆየ። ዲሴምበር 30 ቀን 1650 ማታ ዳቦ የምትጋግረው እህት ሊጧ በብርዱ እንዳይበላሽ ብላ ፍም በቡሃቃው ውስጥ አደረገች። ሊያድር ስላልሆነ አወጣዋለሁ ብላ ረሳችው። ከእንጨት የተሠራው ቡሃቃ ተያያዘ፣ ወለሉ ተከተለ፣ ሌሊቱን ሕንፃው እንዳለ ነደደ። ልጆቹን አንድ በአንድ አወጧቸው፤ የሞተ ሰው የለም። ግን መነኮሳቱም ልጆቹም በሌሊት ልብሳቸው፣ አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን፣ በረዶ ላይ ቆመው የአሥራ አንድ ዓመት ሥራቸው ሲቃጠል አዩ። ዕዳ ነበረባቸው፤ ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ ያሏቸውም ነበሩ። ማሪ የሰጠችው መልስ መሠረቱን እዚያው ቦታ ላይ ማስጠረግ ነው። በ1651 የጸደይ ወራት ሥራው ተጀመረ፤ እሷም የሠራተኞቹ መወጣጫ ላይ እየወጣች ትቆጣጠር ነበር። በ1652 ሜይ ወር አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ገቡ። የሎዋር ወንዝ ወዛደሮች ያስተማሯት ነገር እዚህ ጋ እንደጠቀማት አንጠራጠርም።

ከቃጠሎው በፊት በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ሁሮኖች በጦርነትና በበሽታ አገራቸው ፈርሶ ጥቂት መቶዎቹ ተሰድደው ኬቤክ ደረሱ። የሁሮን ልጆች ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ማሪ ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ አልጎንኪንኛዋን ይዛለች፤ ሁሮንኛ ግን አታውቅም። ብሬሳኒ ከሚባል ቄስ ዘንድ ተቀምጣ እንደገና ከሀ ጀመረች። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ በ1667 ከኢሮኳዎች ጋር ሰላም ሲወርድ፣ ቴሬዝን የማረኩት ሕዝቦች ልጆች ትምህርት ቤቱ ገቡ። ለእነሱም የኢሮኳ መዝገበ ቃላትና የሃይማኖት ማስተማሪያ ጻፈች። በአልጎንኪንኛም አንድ ትልቅ መጽሐፍ የተቀደሰ ታሪክ፣ እንዲሁም መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። በክረምት ሌሊት፣ እሳት ዳር፣ ወጣቶቹን መነኮሳት እያስቀመጠች ቋንቋዎቹን ታስተምራቸው ነበር፤ እሷ ስትሞት ዕውቀቱ አብሯት እንዳይቀበር ሰግታለች። ልብ በሉ፤ ልጆቹ ፈረንሳይኛ ውስጥ ይዘፈቁ የተባለበት ቤት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በሰው ቋንቋ የተዘፈቀችው መምህርቷ ራሷ ሆነች።

ልጆቹስ? ጥቂቶቹ እንደ ቴሬዝ ሆኑ። ብዙዎቹ ግን አልቆዩም። ግድግዳና አጥር የለመዱ ልጆች አይደሉም፤ የእንጨቱን አጥር ዘለው ወደ ጫካው ይጠፋሉ። ያልጠፉት ይተክዛሉ፤ ሲተክዙ ይታመማሉ፤ ሲታመሙ ወላጅ መጥቶ ይወስዳቸዋል። በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ ልጅ አይመታም፣ ልጅ ሲያለቅስ መተው የሚባል ነገር አይታወቅም። መነኮሳቱ መጀመሪያ አዘኑ፤ ኋላ ግን ልጆቹን በግድ ማቆየት እንደማይቻል ተቀበሉ። መጣች፣ ቆየች፣ ሄደች፤ አንዳንዷ ለአንድ ክረምት ብቻ። በዚያ ላይ ፈረንሳውያኑ በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ ወዳጅነታቸውን የሚፈልጉትን ሕዝብ ልጁን ነጥቀው ሊያስቀይሙት አይችሉም። ስለዚህ በሩ ክፍት የነበረው በደግነት ብቻ ነው ብለን አናሞግስም።

በ1660ዎቹ መጨረሻ ከፓሪስ ትእዛዝ መጣ። ንጉሡ ሉዊ አሥራ አራተኛና ሚኒስትሩ ኮልቤር የተወላጆቹ ልጆች ፈረንሳይኛ እየተማሩ ፈረንሳውያን እንዲሆኑ፣ ከሰፋሪው ጋርም አንድ ሕዝብ እንዲሆኑ ፈለጉ። ጳጳሱ ላቫል በ1668 ለወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ስምንት ፈረንሳውያንና ስድስት ሁሮኖች ገቡ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ከሁሮኖቹ አንድም አልቀረም። ማሪ ግን ትእዛዙ ሲደርሳት ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስተምራ ነበር። ልጆች ተጨማሪ ተቀበለች፤ እምቢ አላለችም። ሆኖም በዚያው ዓመት ለልጇ በላከችው ደብዳቤ የሥራዋን ሒሳብ ሳትደብቅ አቀረበች። በእጃቸው ካለፉት መቶ ልጆች አንዲት እንኳ ፈረንሳዊት ሆነች ለማለት እንደሚያስቸግር ገለጸች። ፈረንሳዊው የአገሬውን ሰው ኑሮ መልመድ ሲቀልለው፣ ተወላጁን ፈረንሳዊ ማድረግ እንደማይሆን የሠላሳ ዓመት ልምዷ አስተማራት። አንዳንዱ ጸሐፊ ይህን እንደ ምሬት ያነበዋል። እኛ እንደ ሪፖርት ነው ያነበብነው። ለአለቃ የሚላክ ሪፖርት ላይ ውጤቱን ማሳመር በሁሉም ዘመን ያለ ነገር ነው፤ ይህች ሴት ቁጥሩን እንዳለ ጻፈችው።

ሴንት ላምበርት ላይ የተሳካው ኬቤክ ላይ ያልተሳካበትን ምክንያት እንዲህ እናያለን። በ1965 የነበሩት ልጆች ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ እቤት እንግሊዝኛቸው ይጠብቃቸዋል። ቋንቋቸው በመንገዱም በሥራውም የተከበረ ነው፤ ጠያቂዎቹም ወላጆቻቸው ናቸው። ፈረንሳይኛው የመጣው በላዩ ሊደረብ ነው። በማሪ ዘመን ግን ሐሳቡ አንዱን አውልቆ ሌላውን ማልበስ ነበር፤ ልጆቹ ያወቁት ይመስለናል።

ከእሷ በኋላ የሆነውን ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው ክፍለ ዘመን የካናዳ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ባካሄዷቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ወደ 150,000 የሚሆኑ የተወላጆች ልጆች ከቤተሰባቸው እንዲለዩ ተደርገው፣ ብዙዎቹ በቋንቋቸው በመናገራቸው ተቀጥተዋል። የሞቱም በሺዎች ናቸው። መንግሥቱ በ2008 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን በ2015 የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ። እነዚያን ያቋቋሙ ሰዎች የማሪን ደብዳቤ አንብበው ቢሆን ኖሮ ያሰኛል፤ የታተመው በ1681 ነበርና በእጃቸው ነበር። ያም ሆኖ የእሷን ትምህርት ቤት ከእነዚያ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ልክ አይደለም፤ ጨርሶ አይገናኝም ማለትም ልክ አይደለም። ልጅን ከቋንቋው አውጥቶ ሌላ ሰው የማድረግ ሐሳብ እሷም ይዛው መጥታ ነበር።

ማሪ ኤፕሪል 30 ቀን 1672 በሰባ ሁለት ዓመቷ ኬቤክ ላይ ሞተች። ማዳም ደ ላ ፔልትሪ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቀድማት አርፋ ነበር። ልጇ ክሎድ የእናቱን የሕይወት ታሪክ በ1677፣ ደብዳቤዎቿን በ1681 አሳተመ፤ በልጅነቱ በገዳሙ በር የጮኸውንም ጩኸት ሳይሸሽግ አስገባው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2014 ቅድስት ብላ ሰየመቻት። ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ወንዶች ልጆችም ይማሩበታል። መነኮሳቱ ግን አርጅተው በ2018 ከአሮጌው ገዳም ወጡ።

በቋንቋዎቹ የጻፈቻቸው መጻሕፍት ጉዳይ ያሳዝናል። ገዳሙ ዘንድ ተቀምጠው ቆይተው ኋላ ወደ ሰሜን ለሚሄዱ ሚስዮናውያን ይጠቅማሉ ተብለው ተሰጡ፤ በዚያው ጠፉ። በ1650 ተሰድደው የመጡት የሁሮኖች ዘሮች ዛሬም በኬቤክ አጠገብ ዌንዳኬ በምትባል መንደር ይኖራሉ። ቋንቋቸው ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተዳከመ ሄዶ የሚናገረው ሰው አጣ፤ ሁሉም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ። በ2007 ከላቫል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ቋንቋውን መልሰው ለማስተማር ሥራ ጀመሩ። የሚናገር አዛውንት ስለሌለ የሚጠቀሙት ኢየሱሳውያኑ በእጃቸው ጽፈው የተዉአቸውን መዝገበ ቃላት ነው። ከዚያ ውስጥ መማሪያ መጻሕፍት አወጡ፤ አስተማሪዎች አሠለጠኑ፤ ፈረንሳይኛ አፋቸውን የፈቱ የዌንዳኬ ልጆችም በ፣ ፐ፣ መ የሌለበትን ያንን ቋንቋ ከሀ ጀምረው እየቆጠሩ ነው።